ስኮፑ የደበዘዘ ጠመንጃ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ሦስት ዙር ኤርፖርት። የመጨረሻው ዙር አምስት ሰው፣ አሥራ አንድ ሻንጣ። ለሽርሽር ነው ወይስ ጠቅልለው መሄዳቸው? ትከሻዬ ዛሬም አልማረኝም። ቫኑን ሳስገባ የቀኙ መስታወት የጋራዡን ምሰሶ ነካ። ትንሽ ጭረት ናት። ምሰሶውን እዚያ ቦታ ላይ ያቆመው መሐንዲስ ግን ማን ይሆን?

በእረፍት ሰዓት ኢሳይያስ ስለ ዘንድሮው ቅርጫ አነሳ። አብሮኝ ቫን የሚነዳው ኢሳይያስ ለነቢያት ጾም ቅበላ በየዓመቱ በሬ የምንካፈልበትን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው። በሬ ሰማይ ነክቷል አለ። ስምሪቱን የሚያዘው ሪክ ሰምቶን ምን ሆናችሁ አለ፤ ነገርነው። «ታዲያ ለምን ኤልክ አታድኑም?» አለ። ኤልክ ማለት እዚህ አሜሪካ ተራራ ላይ የሚውል በሬ የሚያክል አጋዘን ነው። አንዱ ብቻ ፍሪዘር ይሞላል።

እኔ አፌ መቼ ያርፋል። «አያቴ አዳኝ ነበሩ» አልኩ።

ከየት አመጣሁት? አያቴ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያደኑት ነገር ቢኖር ወለል ላይ የወደቀ ቁልፍ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ኢሳይያስ ደወለ። «ስድስት ቤት ተመዝግቧል» አለኝ። ለምኑ? «ላንተ ኤልክ ነዋ።» ፈቃድ የለኝ፣ ጠመንጃ የለኝ፣ ኤልክ በሕይወቴ ያየሁት ቢራ ጠርሙስ ላይ ነው። የኋላ እግሩ ግን ከስድስቱ ቤት ለእነ መዓዛ ተደልድሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ለባለቤቴ ለከቤ ነገርኳት። ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አንዱን ጫማ እንደያዘች ጠየቀችኝ።

«ስንት ነው?»

«እስከ ሰባት መቶ ዶላር ብናደርገው…»

«ሰባት መቶ ከነሳጥኑ፣ ከነቁልፉ። ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ።»

ተስማማሁ። ምን ዓይነት እንደምገዛ ጠየቀች። ሰሚ አውቶማቲክ አልኳት፤ ራሱ እየጎረሰ በእያንዳንዱ የቃታ ስበት አንድ የሚተኩሰውን። ሪክ እንዳለው እሱ ትከሻ ላይ ብዙ አይራገጥም። ለትከሻዬ ብዬ ነው አልኳት።

«ለትከሻህ አይደለም» አለች ከቤ። «የመጀመሪያውን ስለምትስት ነው።»

ሠላሳ ዓመት በትዳር። አንድ ቀን እንኳ ዝም ብላ አታሳልፈኝም።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ዓለምነሽ ያዙኝ። የኢሳይያስ አማት ናቸው፤ ከዝርዝሩ አንደኛ።

«ፍቅረሥላሴ፣ ልጄ፣ በጥይት የሞተ በክት አይሆንም እንዴ?»

ይሄንን አላሰብኩበትም። ስድስት ቤት አስመዝግቦ ይሄን ያላሰበ የልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ… ሄደን አባን ጠየቅናቸው። አባ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «እኔ የማውቀው በግ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። ቢላ ይዘህ ሩጥ፣ ነፍሱ ሳይወጣ በስመ አብ ብለህ ባርከህ እረደው አሉኝ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ጉልበቴን አዩት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

የመጀመሪያው ሱቅ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ። ያገለገለ መሣሪያ ይሸጣል። ትህትናን ይዣት ሄድኩ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ሻጭ ፊት እንደ እኔ አታፍርም።

ሻጩ አንድ አሮጌ ሰሚ አውቶማቲክ አወጣልን። ሰደፉ የእንጨት፣ ቡኒ፣ ሰው ሲንከባከበው የኖረ። አምስት መቶ ሰማንያ፣ ከነስኮፑ፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ። ትከሻዬ ላይ ልክ ገባ። ልቤ ደነገጠ፤ ወደድኩት።

ከዚያ የአባን ነገር አስታወስኩ።

«ጠይቂልኝ እስቲ» አልኳት። «የሚገድል ሳይሆን ቁጭ የሚያደርግ ጠመንጃ አለው ወይ? ደርሰን እስክንባርከው ድረስ።»

«ዳዲ፣ አይ ካንት አስክ ሂም ዛት።»

«ጠይቂ።»

ጠየቀች። ሻጩ እኔን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት እንደማያውቅ ተናገረ። አውሬ ማሰቃየት ነውር ነው፤ አንዴ መትተህ ወዲያው መጣል አለብህ አለ። ትህትና ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ለማንኛውም በስኮፑ ልየው ብዬ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ መንገድ ማዶ ያለውን ጎማ ቤት አነጣጠርኩ። ጭጋግ። ፊደሉም የለም፣ ጎማውም የለም። ደብዝዟል አልኩ። ሻጩ በጨርቅ ጠረገው። አሁንም ጭጋግ። ተውኩት። እንዲህ ያለ ቆንጆ ጠመንጃ ላይ እንዲህ ያለ ስኮፕ… ሰው ቆዳ ጫማ ገዝቶ በሲባጎ ያስረዋል?

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ሁለተኛ ሱቅ፣ ወደ ሎውሪ ጠጋ ብሎ። አዲስ፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀላል። ዋጋው ከሰባት መቶ ዘለለ፤ ከቤንም የሚያዘልል ነው። ለነገሩ የሱም ስኮፕ ደብዛዛ ነው። አዲስ ዕቃ እንዴት ይደበዝዛል? «ኢትስ ክሪስታል ክሊር» አለች ትህትና አይታ። ለዛሬ ልጅ ሁሉ ነገር ክሪስታል ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንኳን አደረሰኝ። ኢሳይያስ ለአዲስ ዓመት የላከልኝ መልእክት፦ «ኤልኩ ሰላም ነው?»

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

የአዳኞች ትምህርት። ያለሱ ፈቃድ አይሰጥም። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ይሆናል፤ አንዱማ ለፈተናው እርሳስ አዋሰኝ። አለፍኩ። ልጁም አለፈ። ጨበጥኩት።

አስተማሪዋ ነጭ ፀጉር ያላት ቆፍጣና ሴት ናት። «ዒላማህን ብቻ አይደለም» አለች፣ «ከዒላማህ ጀርባ ያለውንም ሳታይ ቃታ አትስብ።» ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ… ከሥሩ አሰመርኩበት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ዳውንታውን፣ ሆቴሉ ጋ፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ አንድ ብስክሌተኛ የቫኑን ጎን በመዳፉ ደበደበው። ፍሬን ያዝኩ። ከየት መጣ? አልነበረም። እምላለሁ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ «ኦ ማይ ጎድ» አሉ ቀስ ብለው። ልጁ በመስኮቱ አየኝ፤ አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ብስክሌተኛ መብራት ማድረግ ነበረበት። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፍ።

ሪክ ሁሉም ስኮፕ ደብዛዛ ነው ስለው ሳቀና የራሱን ሰሚ አውቶማቲክ ሊያስሞክረኝ ተኩስ መለማመጃ ወሰደን። እኔ፣ ትህትና፣ ኢሳይያስ። ኢሳይያስ የመጣው ስድስቱን ቤት ወክሎ ነው፤ በስልኩ ቪዲዮ ሊቀርጽ።

በቀኝ ትከሻዬ አምስት ተኮስኩ። አምስቱም የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። ወረቀቱ ድንግል ነው። ኢሳይያስ «ኤልኩ እንኳን ሊቆስል፣ ተኩሱንም አልሰማም» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ሪክ አልሳቀም። ፊቴን አየና በግራህ ሞክር አለኝ። ግራኝ አይደለሁም አልኩት። ሞክር አለ። ጠመንጃው የተሠራው ለቀኝ ሰው ስለሆነ በግራ ሲተኮስ ባዶው ቀለሃ በአፍንጫህ ፊት ነው የሚያልፈው፤ እንዳትደነግጥ ብሎ መከረኝ። አስደገፍኩ። ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጭጋጉ የለም።

የወረቀቱ መስመር፣ ቀዩ ክብ፣ ክቡ ላይ ያረፈች ዝንብ ሳትቀር። አምስት ጥይት፣ አምስቱም መዳፌ በሚሸፍነው ቦታ። ትህትና ጮኸች፣ ኢሳይያስ እልል አለ፣ ሪክ ትከሻዬን መታ። እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ሰው ሥራዬ ብሎ አንድ ዓይኑን መቼ ይጨፍናል? ሲያነጣጥር ብቻ ነው። ጠመንጃ ፍለጋ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን ሙሉ አነጣጥሬ አላውቅም።

መኪና ውስጥ ትህትና ስትነዳ ቀስ ብዬ ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። ልጄ ጠፋች። ድምፅዋ አለ፤ ፊቷ ግን የሻይ እንፋሎት ውስጥ ነው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ጥይቱ ጆሮዬን ደነቆረኝ።»

ሁለቱም የሱቅ ጠመንጃዎች ደህና ነበሩ።

እሑድ፣ መስከረም 11

ለማንም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስብ የነበረው የሕክምና ካርዴን ነው። ለመንዳት የሚያስፈልገው ካርድ በኅዳር ያልቃል። እስከ ኅዳር ሁለት ወር አለ። በግራው አያለሁ። በአንድ ዓይን ስንቱ ይነዳል…

የጋራዡ ምሰሶ በቀኝ ነው። ብስክሌተኛው በቀኝ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 12

የመጀመሪያው ዙር፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። ባልና ሚስት፣ አንድ ሕፃን። እናትየው የልጁን ወንበር በቀኝ በኩል፣ በር ሥር አሰረች። ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ጎትታ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። ልጇን አደራ ሰጥታኛለች።

ቁልፉን ማዞር አቃተኝ።

ኢሳይያስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ሄጄ ተሳፋሪዎቼን ውሰድልኝ አልኩት። ፊቴን አይቶ ምንም ሳይል ሻንጣቸውን ጫነ። ያ ሰው ምንም ሳይል ነገር ሲሠራ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ለሪክ ነገርኩት። በአማርኛ እንኳ ከብዶኝ የነበረውን በእንግሊዝኛ። ቅዳሜ ጠርጥሬ ነበር አለ፤ ዛሬ ባትመጣ ልጠራህ ነበር። ራስህ መምጣትህ ጥሩ ነው። እስክትታከም ስልክ መቀበሉ ላይ ተቀመጥ አለኝ፤ ክፍያው ያንሳል። እሺ አልኩ።

ማታ ለከቤ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ብስክሌተኛውንም። ሳህኑን አስቀመጠች። «ነገ ቀጠሮ እይዝልሃለሁ» አለች። ታለቅሳለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳህኖቹን ስታጥብ ግን አንዱን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ትህትናን የሚያክል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ አለ። የቀኙን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ የግራው ገና ጀማሪ ነው። ይወጣል፣ ትንሽ ቀዶ ጥገና ናት፣ ያንኑ ቀን ትመለሳለህ አለ። ለጥቅምት 13 ቀጠረኝ። ስንት ጊዜ ሆነህ አለኝ። አላውቅም አልኩ። ከቤ ጣራውን አየች።

መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሼ ነው የገባኝ። ይወጣል ማለት ነው። ይወጣል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ስድስቱን ቤት ይቅርታ ጠየቅኩ። ኢሳይያስ ቤት፣ ሁሉም ተሰብስበው። ኤልክ የለም፣ ዓይኔን ልታከም ነው አልኩ።

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ስለ ዓይኑ አይደለም፣ እሱንስ እመብርሃን ትማረው። በክት ከመብላት ስለ ዳንኩ ነው። እንቢ እንዳልል ልጁ ይከፋዋል፣ እንዳልበላው ሃይማኖቴ… ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ሌሎቹ ቤቶችም እንደዚያው ሲጨነቁ ኖረዋል ለካ። አንዳቸውም ደፍረው አልነገሩኝም፤ ይሉኝታ። ወደ በሬው ተመለስን። ኢሳይያስ ዝርዝሩ ላይ «ኤልክ» የሚለውን ሰርዞ «በሬ» ብሎ ሲጽፍ እጁ በደስታ ፈጥኖ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ትናንት ተሠራልኝ። ዛሬ ሽፋኑን አነሱት። ዓይኔ እያለቀሰ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አደኑ ዛሬ ተከፈተ። ሪክ ከተራራው ላይ የበረዶ ፎቶ ላከልኝ። ኤልክ የለበትም፤ ዛፎች ብቻ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ግን ለብቻው ቆሞ ይታያል። ፎቶውን ስንት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

ሌላ ግኝት፦ ሳሎናችን ቢጫ አይደለም። ነጭ ነው። ስንቀባው ነጭ ነው ስትለኝ ከቤን ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክሬአታለሁ። ነገርኳት። «አሁን ደግሞ አቧራውም ይታይሃል፣ ጥረገው» ብላ ጨርቅ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ኮልፋክስ፣ ከትህትና ጋር። የሰባት መቶው ትልቁ ክፍል ለዓይኔ ሄዷል፤ የቀረችው ሁለት መቶ ምናምን ናት። ከቤ ራሷ ናት ሂድ ያለችኝ። እኔማ ትቼው ነበር።

ሻጩ ገና ከበር አወቀን። «ቁጭ የሚያደርገው ጠመንጃ እስካሁን አልመጣም» አለ። ትህትና ተረጎመችልኝ፤ ሳይተረጎምም ገብቶኛል።

ባለ ቡኒ ሰደፉ እዚያው ነው። አልተሸጠም። አንዴ ልየው ብዬ በቀኝ ዓይኔ ጎማ ቤቱን አነጣጠርኩ። የሥራ ሰዓታቸው፣ የስልክ ቁጥራቸው፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች የሚበላው ልጅ… ስኮፑ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ወዲያው አፈሙዙን ወደ ጣራ መለስኩ። ሰው ነው እኮ። ጠመንጃውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስም አጥፍቼበታለሁ። አሁን ደግሞ አልችለውም።

በቀረችው ብር የምትገዛ ምን አለ አልነው። አንዲት ትንሽ ሰሚ አውቶማቲክ አወጣ። ጥይቷ የሕፃን ጣት አታክልም። ሰደፏ ተፋፍቋል፤ ስኮፕ የላትም፣ በዓይን ብቻ ነው። አትራገጥም። ለኤልክ አትሆንም፤ ለወረቀትና ለባዶ ቆርቆሮ። ሐኪሙም እንደሷ ያለች አትጎዳህም ብሎኛል።

ትህትና ትከሻዋ ላይ አስደገፈቻት። «አባዬ፣ በየቅዳሜው መለማመጃው እንሂድ?» አለች። በአማርኛ። በየቅዳሜው። ልጄ ከእኔ ጋር ምሳ ለመብላት እንኳ ቀጠሮ የምትሰጠኝ ልጅ ናት።

ገዛናት። በሕጉ ግን ከመረከብ በፊት የሦስት ቀን መጠበቂያ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሰኞ ጀምሮ መሪው ላይ ነኝ። ካርዴ ታድሷል። ጠመንጃዋም ዛሬ ገባች፤ ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፋ። ቁልፉ የት እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አልተፈቀደልኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ፣ ሊትልተን፣ ኢሳይያስ ቤት። በሬው ጥሩ ነበር። ወይዘሮ ዓለምነሽ ለእኔ እየመረጡ አጎረሱኝ፤ ያው ካሣ መሆኑ ነው። ኢሳይያስ የመለማመጃውን ቪዲዮ ለስድስቱም ቤት አሳየ። በቀኝ የሳትኩትን ብቻ።

ሲመሽ ተነሣን። እኔ ነዳሁ። አውራ ጎዳናው ላይ ገና ሳንወጣ ከቤ ተኛች። አፏን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ። ሥጋው ነው አልኩ መጀመሪያ።

ከዚያ ግራ ገባኝ። ከቤ እኔ እየነዳሁ የተኛችው መቼ ነው? ዐሥራ ስድስት ሰዓት ሠርታ እንኳ አትተኛም። ሁለት ዓመት ይሆናል። ከጎኔ ቁጭ ትልና «ከቀኝ መኪና አለ፣ ቀስ በል፣ ሰው እያቋረጠ ነው።» ጨቅጫቃ እላት ነበር። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ እላት ነበር። አንዴ ዓይንህን ብትታይ ብላኝ ሦስት ቀን አኩርፌአታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይን አላነሳችም። ግን ከሥራ ውጭ አንድም ቀን ብቻዬን አልላከችኝም፤ ለሱቅም፣ ለቤተ ክርስቲያንም። እኔ ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ነበርም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ ዓይኔ እሷ ነበረች።

ኦሮራ፣ ቤታችን ደረስን። ፓርክ አደረግኩ። ብርድ ነው፤ ሞተሩን አላጠፋሁም። ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ምራቅ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አልቀሰቀስኳትም።